ሌሊት ሌሊት ካሽ የሚያጸዳውን ጆብ ማስቆም፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ፣ ጠዋት

ካሽ ማለት ሰርቨሩ ደግሞ ሲፈልገው ቶሎ እንዲያገኘው ሚሞሪ ላይ የሚያቆየው ነገር ነው፤ ጆብ ደግሞ ሰዓቱን ጠብቆ በራሱ የሚሄድ ሥራ። የዳታቤዝ ሰርቨራችን ላይ ያለው ቅሬታ አንድ ነው። ጠዋት ሥራ ሲጀመር ሲስተሙ ይንቀራፈፋል። የደንበኛ ፍለጋው ይሽከረከራል፣ ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ረፋድ ላይ ግን ማንም ሳይነካው ይስተካከላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ምንም የሚባል ችግር የለም።

ማሽኑ 64 ጊጋባይት ራም አለው። የሚሠራበት ኤስኪውኤል ሰርቨር የሚባለው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚያመው ሰርቨር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማየው ሌሊት ምን እንደሚሠራበት ነው። ባክአፑን አየሁ፣ የኢንዴክስ ጥገናውን አየሁ፣ ሪፖርቶቹን አየሁ። ሁሉም ሰው ከመግባቱ ብዙ ቀደም ብለው ያልቃሉ።

ከዚያ ሰርቨሩ የሚሆነውን የሚመዘግብበትን ኤረር ሎግ ከፈትኩ። ብዙ ሰው የሚዘለው ፋይል ነው፤ እኔ ግን ሳላየው አላልፍም። በየሌሊቱ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ አንድ ዓይነት መልእክት ተደርድሯል። የፕላን ካሹ፣ ማለትም ለኩዌሪዎች (ለዳታቤዝ ጥያቄዎች) የተሠሩ የአፈጻጸም ዕቅዶች የሚቀመጡበት፣ ተጠርጎ ወጥቷል ይላል። ምክንያቱንም አብሮ ይጽፋል፦ ዲቢሲሲ ፍሪፕሮክካሽ ወይም ዲቢሲሲ ፍሪሲስተምካሽ፤ ሁለቱም ካሽ የሚያጸዱ ትእዛዞች ናቸው። ትንሽ ቆይቶ ሌላ መልእክት ይከተላል፤ ይኼኛው ምክንያቱ የሪኮንፊገር (ሴቲንግ የመቀየር) ሥራ ነው ይላል። እነዚህን ትእዛዞች ሰርቨሩ በራሱ አያወጣም። ያዘዘው ሰው አለ።

ሰኞ፣ ከሰዓት

ጆቡ ተገኘ። ሦስት ስቴፕ አለው። የመጀመሪያው ፍሪፕሮክካሽ ነው፤ ተቀምጠው የነበሩትን የኩዌሪ ፕላኖች በሙሉ ይጥላል። ሁለተኛው ድሮፕክሊንበፈርስ ነው፤ ሚሞሪ ላይ ያሉትን የዳታ ፔጆች ያስወጣል። ሦስተኛው ማክስ ሰርቨር ሚሞሪ የሚባለውን ጣሪያ ወደ 4 ጊጋባይት ያወርደውና ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መልሶ ይለቀዋል።

ሦስተኛው ስቴፕ ለምን እንደተጨመረ ወዲያው ገባኝ። ድሮፕክሊንበፈርስ ብቻውን ሚሞሪውን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አይመልስም። ፔጆቹ ባዶ ይሆናሉ እንጂ ቦታው እዚያው ኤስኪውኤል ሰርቨር እጅ ላይ ይቆያል። ታስክ ማናጀር ላይ ያለው ቁጥር ንቅንቅ አይልም። ቁጥሩን ማውረድ የሚቻለው ጣሪያውን በማውረድ ነው። ጆቡን የጻፈው ሰው ይህን አጥንቶ ደርሶበታል ማለት ነው።

የኦፕሬሽን ክፍሉን ባልደረባዬን ጠየቅኩት። «ሚሞሪው ሁሌም 95 ፐርሰንት ላይ ነው» አለኝ። «የሚሞሪ ማስጠንቀቂያው አለርት ሌሊት ሌሊት አላስተኛ ሲለን ነው ጆቡን ያስገባነው። አንተ ብታጠፋው አለርቱ ይመለሳል።»

ልክ ነው፣ ይመለሳል። ስለዚህ ጆቡን ዝም ብሎ ማጥፋት ለእሱ መፍትሔ አይሆንም። ሁለቱንም ነገር አብሬ መያዝ አለብኝ፤ የጠዋቱን ቅሬታም፣ የሌሊቱን አለርትም።

ማክሰኞ

ዛሬ የተያዘው ሚሞሪ በምን እንደተያዘ ማየት ብቻ ነው ሥራዬ። ማጽዳት የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ውስጡ ያለው ነገር ቆሻሻ ነው ብለን ስናስብ ነው። እስቲ ይታይ።

መነሻው ይህ ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር ዳታውን የሚያነበው 8 ኪሎባይት በሆኑ ፔጆች ነው። አንድ ፔጅ ሲፈለግ መጀመሪያ በፈር ፑል በሚባለው የሚሞሪ ክፍል ውስጥ መኖሩ ይታያል። ካለ ከዚያው ይነበባል። ከሌለ ከዲስክ ይመጣና እዚያው ይቀመጣል፣ ለሚቀጥለው ጠያቂ። ጣሪያ ካልተበጀለት ደግሞ ያገኘውን ራም ሁሉ እያደር ይይዛል። ጣሪያው ከፋብሪካ ሲመጣ 2,147,483,647 ሜጋባይት ነው፤ እንዲህ ያለ ራም ያለው ማሽን ስለሌለ ጣሪያ የለውም ማለት ነው። የእኛም እንደዚያው ተትቷል።

ስለዚህ 95 ፐርሰንት የሚለው ቁጥር ሚሞሪ ማነሱን አይነግረንም። የሚነግረን ሰርቨሩ የተሰጠውን ሁሉ እየተጠቀመበት መሆኑን ነው። ባዶ የተቀመጠ ራም ለዳታቤዝ ምንም አይሠራለትም።

በፈር ዲስክሪፕተርስ የሚባለውን የሲስተም ቪው (በፈር ፑሉ ውስጥ ያለውን የሚያሳይ ሰንጠረዥ) በየዳታቤዙ ለይቼ ቆጠርኩ። እዚህ ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ቪው ለእያንዳንዱ ፔጅ አንድ ረድፍ ነው የሚመልሰው። 40 ጊጋባይት ካሽ ላይ ከ5 ሚሊዮን በላይ ረድፍ ይሆናል። ራሱ ኩዌሪው ከባድ ነው። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ላይ አላስኬድኩትም፤ የምሳ ሰዓትን ጠበቅኩ።

የዳታው ክፍል እንደጠበቅኩት ነው። አብዛኛው ሚሞሪ የተያዘው በዋናው ዳታቤዝ ነው፤ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚነካካቸው ሰንጠረዦች ናቸው። በጣም ጤነኛ ካሽ ነው። በየሌሊቱ የሚጣለው ይኼ ነበር።

የገረመኝ የፕላን ካሹ ነው። ወደ 6 ጊጋባይት ይዟል። ካሽድ ፕላንስ የሚለውን ቪው ስከፍተው እጅግ የሚበዙት ፕላኖች የአጠቃቀም ቁጥራቸው 1 ነው። አንዴ ተሠርተው፣ አንዴ አገልግለው፣ ቦታ ይዘው የቀሩ። ቆሻሻ የሚባል ነገር ካለ ያለው እዚህ ነው። ከየት እንደመጣ ግን ገና አላወቅኩም።

ረቡዕ፣ ጠዋት

ጠዋቱን በዓይኔ ማየት ስለፈለግኩ ጆቡን ገና አላጠፋሁትም። ሰዎች ገና ሲገቡ ጀምሮ ቁጥሮቹን ተከታተልኩ።

ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያጋጥማል። የመጀመሪያው ዲስክ ነው። የሚጠብቁት ሴሽኖች (የተጠቃሚ ግንኙነቶች) በሙሉ ፔጅአይኦላች በሚባል ዌይት (የመጠበቅ ምክንያት) ላይ ተሰልፈዋል። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ፔጁ ሚሞሪ ላይ የለም፣ ከዲስክ እየመጣ ነው፣ ጠብቅ። ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት ሲገባ ሁሉም ዲስኩ በር ላይ ይገናኛል።

ሁለተኛው ሲፒዩ ነው። ፕላኖቹ ስለተጣሉ እያንዳንዱ ኩዌሪ እንደ አዲስ ኮምፓይል መደረግ (ፕላኑ መሠራት) አለበት። በሴኮንድ የሚደረጉትን ኮምፓይሎች የሚቆጥረው ካውንተር ጠዋት ሽቅብ ይተኮስና ረፋድ ላይ ይረጋጋል።

ፔጅ ላይፍ ኤክስፔክታንሲም ይህንኑ ይመሰክራል። አንድ ፔጅ ሚሞሪ ላይ ስንት ሴኮንድ ሊቆይ እንደሚችል የሚገምት ቁጥር ነው። ሌሊት ጽዳቱ ሲያልፍ ይወድቃል፣ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ያገግማል፣ ማታ ጥሩ ደረጃ ሲደርስ ደግሞ ተመልሶ ይጠረጋል። በነገራችን ላይ «ከ300 በላይ ከሆነ ደህና ነው» የሚባለው የቆየ ምክር የመጣው ራም ጥቂት ጊጋባይት በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ 50 ምናምን ጊጋባይት ካሽ በ5 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ የሚገለበጥ ከሆነ ዲስኩ እያለቀሰ ነው ማለት ነው። እኔ ቁጥሩን ብቻውን አላየውም፤ ከራሱ ከትናንቱ ጋር አወዳድረዋለሁ።

ረቡዕ፣ ከሰዓት

የደንበኛ ፍለጋውን ብቻ ለይቼ ወሰድኩት። ከባክአፕ የተመለሰ ኮፒ ያለበት የሙከራ ሰርቨር አለን። ካሽ ማጽዳት ትክክለኛ ቦታው እንዲህ ያለ ሰርቨር ነው። ማንም አይጠቀምበትም፣ ብጥለውም የሚጎዳ የለም።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ድሮፕክሊንበፈርስ የሚያስወጣው ስሙ እንደሚለው ንጹሕ ፔጆችን ብቻ ነው፤ ማለትም ሚሞሪ ላይ ያለውና ዲስክ ላይ ያለው አንድ የሆኑትን። ተቀይረው ገና ዲስክ ላይ ያልተጻፉ ፔጆች ካሉ እዚያው ይቀራሉ። ስለዚህ መጀመሪያ በዚያው ዳታቤዝ ላይ የተቀየሩትን ፔጆች ዲስክ ላይ የሚጽፈው ቼክፖይንት ይሰጣል፣ ከዚያ ድሮፕክሊንበፈርስ ይከተላል። ቼክፖይንቱን የዘለለ ሙከራ ግማሹ ሞቆ (ሚሞሪ ላይ ሆኖ) ግማሹ ቀዝቅዞ (ዲስክ ላይ ብቻ ሆኖ) ነው የሚለካው።

የተነበቡ ፔጆችን የሚቆጥረውን ስታቲስቲክስ አይኦን አብርቼ አንድ የደንበኛ ኮድ ፈለግኩ። ሎጂካል ሪድ ኩዌሪው ያነበባቸው ፔጆች በሙሉ ነው፤ ፊዚካል ሪድና ሪድአሄድ ከዲስክ የመጡት። ውጤቱ አንድ ረድፍ ነው።

ካሹ ሲጸዳ፦ ሎጂካል ሪድ 186,214፣ ፊዚካል ሪድ 3፣ ሪድአሄድ 186,190። ጊዜው 11 ሴኮንድ አካባቢ።

ወዲያው ሲደገም፦ ሎጂካል ሪድ 186,214፣ ፊዚካል ሪድ 0፣ ሪድአሄድ 0። ጊዜው 3 ሴኮንድ አካባቢ።

ሰው ዓይኑ የሚሄደው ጊዜው ላይ ነው። እኔ ያቆመኝ ግን ያልተቀየረው ቁጥር ነው። ካሽ ኖረም አልኖረም ኩዌሪው 186,214 ፔጅ ነው የሚያገላብጠው። በ8 ኪሎባይት ሲባዛ 1.4 ጊጋባይት ገደማ ነው። አንድ ደንበኛ ለማግኘት! ኮዱ ላይ ቶሎ ለማግኘት የሚረዳ ኢንዴክስ አለ፤ ግን ኢንዴክሱን ከዳር እስከ ዳር እያነበበው ነው። ካሹ ሲሞቅ ይህ ጥፋት ይሸፈናል። ካሹ ሲጠረግ ደግሞ ጥፋቱ በሙሉ የዲስክ ሆኖ ይታያል።

ፊዚካል ሪዱ 3 ብቻ መሆኑ እንዳያሳስት። ከዲስክ የመጣው ዳታ ሪድአሄድ በሚለው ሥር ነው የተቆጠረው፤ ሰርቨሩ ብዙ ፔጅ እንደሚፈልግ ሲያውቅ ቀድሞ በገፍ ያመጣል። ሁለቱን ደምሮ ማንበብ ያስፈልጋል።

ሐሙስ

ፕላኑን ከፍቼ አየሁት። ምክንያቱ ኮንቨርት ኢምፕሊሲት (ሳይታዘዝ የሚደረግ የዓይነት ቅየራ) በሚል ጽሑፍ ተቀምጧል። የደንበኛ ኮዱ ኮለም የጽሑፍ ዓይነቱ ቫርቻር ነው። አፕሊኬሽኑ የሚልከው ግን ኤንቫርቻር (የዩኒኮድ ጽሑፍ) ነው። ሁለቱ ሲነጻጸሩ ኤንቫርቻር የበላይ ስለሆነ ሰርቨሩ የኮለሙን ዋጋዎች በሙሉ አንድ በአንድ ይቀይራል። የዳታቤዛችን ኮሌሽን (የፊደል አወዳደር ደንብ) የድሮው የኤስኪውኤል ዓይነት ስለሆነ ኢንዴክሱ ውስጥ ቀጥ ብሎ መግባት አልቻለም።

አፕሊኬሽኑን ከሚጽፈው ልጅ ጋር ተቀመጥን። ፓራሜትሩ (ለኩዌሪው የሚላከው ዋጋ) የሚታከለው አድዊዝቫልዩ በሚለው መንገድ ነው። ይህ መንገድ ዓይነቱን ራሱ ይገምታል፤ ዶትኔት ላይ ጽሑፍ ከሆነ ኤንቫርቻር ይለዋል። ርዝመቱንም ከተላከው ጽሑፍ ይወስዳል። 6 ፊደል ያለው ኮድ አንድ ፕላን ያስሠራል፣ 7 ፊደል ያለው ሌላ፣ 9 ፊደል ያለው ሌላ። የማክሰኞው የፕላን ክምችት አንዱ ምንጭ ተገኘ። የጠዋቱን መንቀራፈፍ ያባባሰውም የፕላን ካሹን ማበጥ ያገዘውም ያው አንድ መስመር ኮድ ነው።

ዓይነቱና ርዝመቱ በግልጽ ተጻፈ። ቫርቻር፣ ከኮለሙ ርዝመት ጋር እኩል። ተመሳሳዩን ፍለጋ ሙከራ ሰርቨሩ ላይ ካሹን አጽድቼ አስኬድኩት። ሎጂካል ሪድ 8። አራቱ ኢንዴክሱን ከላይ እስከ ታች ለመውረድ፣ አራቱ ቀሪውን የደንበኛ መረጃ ለማምጣት። ካሹ የቀዘቀዘ ሆኖም መልሱ ቅጽበታዊ ነው። እዚህ ላይ ደስ አለኝ፤ ልጁም ወንበሩን ስቦ ሌሎቹን ፍለጋዎች አንድ በአንድ መክፈት ጀመረ።

ሁለተኛው የፕላን ምንጭ አንድ የቆየ የሪፖርት ሞጁል ነው። ቀኑንና ቁጥሩን እየቀጠለ የኩዌሪውን ጽሑፍ በራሱ ይገጣጥማል። ጽሑፉ በአንድ ቁጥር ከተለየ ለሰርቨሩ ሌላ ኩዌሪ ነው፤ ሌላ ፕላን ይሠራለታል። እንዲህ የሚገጣጠም ኩዌሪ ለኤስኪውኤል ኢንጄክሽንም (በጽሑፉ ውስጥ ተሰንቅሮ ለሚገባ የጥቃት ትእዛዝ) በር ይከፍታል። እሱ ወደ ፓራሜትር እስኪቀየር ጊዜ ስለሚወስድ ኦፕቲማይዝ ፎር አድሆክ ዎርክሎድስ የሚለውን ሴቲንግ አበራሁ። ከኤስኪውኤል ሰርቨር 2008 ቨርዥን ጀምሮ አለ። ኩዌሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ ሙሉ ፕላኑን አያስቀምጥም፤ ትንሽ ምልክት ብቻ ይይዛል። ሁለተኛ ከመጣ ያን ጊዜ ሙሉውን ያስቀምጣል።

ይህ ማስታገሻ ነው። የፕላን ካሹ በመጠን ብቻ ሳይሆን በብዛትም ወሰን አለው፤ 64 ቢት ሰርቨር ላይ የአድሆኮቹ (ያለ ፓራሜትር እንደተጻፉ የሚመጡ ኩዌሪዎች) መዝገብ ከ160,036 በላይ አይቀበልም። ምልክቶቹም ይቆጠራሉ። የሪፖርት ሞጁሉ መስተካከሉ አይቀርለትም።

ዓርብ፣ ማታ

ዛሬ ጣሪያው ይበጃል። ስሌቴ ይህ ነው፦ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ለባክአፑና ለሞኒተሪንግ ኤጀንቱ 10 ጊጋባይት ይቅር። ለኤስኪውኤል ሰርቨር 54 ጊጋባይት፣ ማለትም 55,296 ሜጋባይት። በዚህ ጣሪያ የፕላን ካሹ ግፊት የሚሰማው ወደ 8 ጊጋባይት ሲጠጋ ነው፤ ከመጀመሪያው 4 ጊጋባይት 75 ፐርሰንት፣ ከዚያ በላይ እስከ 64 ካለው 10 ፐርሰንት። 6 ጊጋባይት አንዴ ብቻ ያገለገለ ፕላን ተከምሮ ሰርቨሩ ራሱ ያልጠረገው ለዚህ ነው፤ ገና ወሰኑ ላይ አልደረሰም ነበር።

ሪስታርት አያስፈልግም። ግን ይህን ሴቲንግ መቀየር ራሱ የፕላን ካሹን ይጥለዋል። ለዚህ ነው ማታን የመረጥኩት። ቀን ላይ «ትንሽ ላስተካክል» ብሎ መንካት ሁሉንም ኩዌሪ በአንድ ጊዜ ኮምፓይል ማስደረግ ነው።

ከዚያ ጆቡን ዲሴብል አደረግኩት። አልሰረዝኩትም። ዲስክሪፕሽኑ ላይ ለምን እንደቆመ ጻፍኩ፤ ከስድስት ወር በኋላ የሚያየው ሰው እንዳይቸገር።

አለርቱንም ከባልደረባዬ ጋር ቀየርነው። የሚሞሪ ፐርሰንት የሚለው ተነሳ። በምትኩ ማሽኑ ላይ የቀረው ነጻ ራም ከ2 ጊጋባይት በታች ከሆነ ይጮኻል። ሚሞሪ ግራንት (ለመሥራት የሚሰጣቸውን ሚሞሪ) የሚጠብቁ ኩዌሪዎች ለተወሰነ ጊዜ ከዜሮ በላይ ከሆኑም ይጮኻል። ሁለቱም ሲጮኹ በእርግጥ የጎደለ ነገር አለ።

ሰኞ

የገባው ሰው ሁሉ ገባ፣ ስልክ አልተደወለም። የፔጅአይኦላች ሰልፉ የለም። ኮምፓይሉም ጠዋት ላይ ከፍ አላለም። ፔጅ ላይፍ ኤክስፔክታንሲ ቅዳሜና እሑድን ሳይቆረጥ አድጓል። ሚሞሪው 54 ጊጋባይት ላይ ቆሟል፣ እንዲቆምም ነው የተፈለገው።

የአፕሊኬሽኑ ለውጥ ገና ፕሮዳክሽን (ዋናው ሥራ የሚሠራበት ሲስተም) ላይ ስላልወጣ ፍለጋው አሁንም 186 ሺህ ፔጅ ያነባል። ግን ከሚሞሪ ነው የሚያነበው። ጆቡ መቆሙ ብቻውን ጠዋቱን ከሌላው ሰዓት ጋር እኩል አድርጎታል።

ማክሰኞ

ሌላ ቡድን ውስጥ ያለች ጓደኛዬ ይህን ሰምታ ጠየቀችኝ። እነሱ ፖስትግሬስ የሚባል ሌላ ዳታቤዝ ላይ ናቸው። «እኛስ በምን ትእዛዝ ነው የምናጸዳው? ለሙከራ ነው» አለች።

እዚያ ነገሩ ትንሽ ይለያል። የፖስትግሬስ የራሱ ካሽ ሼርድ በፈርስ ይባላል፤ ካልነኩት 128 ሜጋባይት ነው። ከእሱ በታች ደግሞ የሊኑክስ የራሱ ፔጅ ካሽ አለ፣ ፖስትግሬስም ሆን ብሎ በእሱ ይተማመናል። ስለዚህ ፖስትግሬስን ሪስታርት ማድረግ ብቻ ዳታውን አያቀዘቅዘውም። ሰርቪሱን አቁሞ፣ ሲንክ ብሎ፣ ድሮፕ ካሽስ ለሚባለው የከርነል ፋይል 3 ጽፎ፣ ከዚያ ማስነሳት ነው። ዲስካርድ ኦል የሚለው ትእዛዝ ስሙ ያስጎመጃል እንጂ የሚያጸዳው የራስን ሴሽን ነው፤ የዳታ ካሹን አይነካም። ከቨርዥን 17 ጀምሮ በፒጂ በፈርካሽ ኤክስቴንሽን በኩል ፔጅ እየለዩ ማስወጣት ይቻላል። በተቃራኒው ማሞቅ ከፈለገች ፒጂ ፕሪዋርም አለላት።

ማይኤስኪውኤልም ላይ ሰው የሚሸወድበት ነገር ስላለ ነገርኳት። ከቨርዥን 5.7 ወዲህ ዳታውን የሚያከማቸው ክፍል፣ ኢኖዲቢ፣ ሲዘጋ የትኞቹ ፔጆች በቅርብ እንደተነኩ ይመዘግባል፣ ሲነሳ መልሶ ይጭናቸዋል። ካልነኩት 25 ፐርሰንቱን። ሪስታርት አድርጎ «አሁን ካሹ ቀዝቅዟል» ብሎ መለካት አያዋጣም፤ መጀመሪያ ያንን ማጥፋት ያስፈልጋል። ኩዌሪ ካሽን ሪሴት አድርጉ የሚለው የድሮ ምክር ደግሞ 8.0 ላይ ኩዌሪ ካሹ ራሱ ስለወጣ አይሠራም። ኦራክል ላይ ትእዛዙ አልተር ሲስተም ፍላሽ በፈር ካሽ ነው።

ሐሙስ

የፓራሜትር ለውጡ ፕሮዳክሽን ላይ ወጣ። የፍለጋው ሎጂካል ሪድ እዚህም 8 ሆነ። የኢንዴክሱ ፔጆች ከበፈር ፑሉ ቀስ በቀስ እየቀነሱ ነው፤ ማንም ስለማያነባቸው ቦታቸውን ለሌላ ይለቃሉ። ማንም አላጸዳቸውም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሪፖርት በድንገት ዘገየ። ባልደረባዬ ደውሎ «ፍሪፕሮክካሽ ልስጠው እንዴ?» አለኝ። አየነው። ለአንድ ትንሽ ቅርንጫፍ የተሠራ ፕላን ተቀምጦ ትልቁን ቅርንጫፍ በእሱ እያስኬደ ነበር። እንዲህ ሲሆን የአንዱን ፕላን ሃንድል (መለያ) ፈልጎ ፍሪፕሮክካሽን ከዚያ ሃንድል ጋር መስጠት ይበቃል። የሚወጣው እሱ ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ በቦታው ይቀራል። ስልኩን ሳይዘጋ ራሱ አደረገው፣ ሪፖርቱ ተመለሰ። ሃንድሉን የሚፈልገውን ኩዌሪ ለኦፕሬሽን ክፍሉ መመሪያ ውስጥ አስገብቼላቸዋለሁ።

የቀረው የሪፖርት ሞጁሉ ነው። ልጁ ከመጀመሪያዎቹ ስክሪኖች ጀምሯል። እሱ ሲያልቅ የፕላን ካሹን እንደገና እቆጥራለሁ፤ የአጠቃቀም ቁጥራቸው 1 የሆኑት ካልቀነሱ ሦስተኛ ምንጭ አለ ማለት ነው።